የደጄ ካሜራ አላውቅህም ያለኝ ሰሞን

ስልኬ ፓርኪንግ ላይ ወድቆ የመኪና ጎማ ወጣበት። መኪናው የራሴ ነው፤ ማንን ልውቀስ? አዲስ ስልክ ገዛሁና የደጄን ካሜራ አፕ ስጭንበት ፓስወርድ አምጣ አለኝ። የማስታውሰውን ሁሉ ሞከርኩ። በመጨረሻ ራሱ ሰልችቶት ለጊዜው ዘጋብኝ። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ደጄ! ወይ ጉድ!

ካሜራውን የገጠመችው ልጄ ናት። እዚሁ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ተከራይታ ስትማር እሁድ እሁድ እየመጣች ታየኝ ነበር። ተመርቃ ሲያትል ሥራ አገኘችና ልትሄድ ስትል መሰላል ላይ ወጥታ ከበሩ በላይ ሰቀለችው። «ብቻህን ስለሆንክ ነው፣ አባዬ» አለችኝ። እናቷና እኔ ከተለያየን ቆይተናል። ከተማው ዳር ብሌንደን ታውንሺፕ ባለው ቤቴ ውስጥ ከእኔ ሌላ ድምፅ የሚያሰማው ማሞቂያው ብቻ ነው። በምሠራበት የዕቃ ማከማቻ ዌርሃውስ ምሳ ሰዓት ላይ ስልኬን አውጥቼ ደጄን አያለሁ። ማንም አይመጣም። ቢሆንም አያለሁ፤ አመል ሆኖብኛል።

ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ስልክ የምትጠግን ያገሬ ሰው አለች። ወሰድኩላትና ነካካችው። አዲስ ፓስወርድ ለማውጣት የሚላከው ኮድ የሚሄደው ልጄ ተማሪ ሳለች ወደነበራት ኢሜይል ሆኖ ተገኘ።

«ጋሼ፣ ለልጅዎ ይደውሉላትና ይጠይቋት» አለችኝ። «እምቢ ካለ ካሜራው ላይ ቀዳዳ አለች፤ በመርፌ ጫን አድርገው ይያዙት። ሁሉንም ረስቶ እንደ አዲስ ይነሳል።»

ይደውሉላት! ለሷ ቀላል ነው። ከልጄ ጋር ክፉ ቃል አልተነጋገርንም። ግን ከሄደች ወዲህ ስልኳ እየራቀ እየራቀ መጥቶ በዓል ካልሆነ አትደውልም። እኔም ሥራዬ ብዬ አኩርፌያለሁ። እኛ ስናድግ ታናሽ ነው ታላቁን የሚጠይቀው፤ አባት ልጁን «ምነው ጠፋሽ?» ብሎ አይለምንም። እንዲህ እያልኩ ስንት ወር ራሴን ቀጣሁ። እውነቱን ለመናገር፣ ፓስወርዱ በመጥፋቱ የተናደድኩትን ያህል ደስም ብሎኛል። የምደውልበት ምክንያት አገኘኋ! ለካሜራው ብዬ ነው፣ ለሷ አይደለም።

ደወልኩ።

«አባዬ፣ አም አት ወርክ። ምን ሆንክ?»

ነገርኳት። «አይ ዶንት ሪሜምበር። ያ ኢሜይል ተዘግቷል። ቆይ አስቤ ቴክስት አደርግልሃለሁ፣ ኦኬ? ላቭ ዩ።» ተዘጋ።

ያዘጋጀሁት ወሬ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። ስለ ጉልበቴ ልነግራት ነበር፤ ስለ አዲሱ ሱፐርቫይዘራችንም። ሦስት ቀን ጠበቅኩ፤ ቴክስት የለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ «ኤዲያ!» አልኩና መሰላሉን ከጋራዥ አወጣሁ። መርፌዋን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ጫን አድርጌ ያዝኩ። መብራቱ ብልጭ ብልጭ አለና ጠፋ። ገና ከመሰላሉ ሳልወርድ ኪሴ ውስጥ ስልኬ ጮኸ።

«አባዬ! አር ዩ ኦኬ? መሰላል ላይ ወጥተህ አየሁህ፣ ከዚያ ጠፋ! ወደቅክ እንዴ?» ትንፋሿ ይቆራረጣል።

«አንቺ የት ሆነሽ ነው መሰላል ላይ ያየሽኝ?»

 ቀስ እያለች ነገረችኝ። ለካ የሷ ስልክ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከካሜራው ጋር እንደተገናኘ ነው፤ ፓስወርድ ጠይቋት አያውቅም። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሳ መጀመሪያ የምታየው፣ እኔ በረዶ ከመኪናዬ መስታወት ላይ ስፍቅ የተቀዳውን ነው።

«ማክሰኞ ኮፍያ አላደረግክም። ረቡዕ ደግሞ ታነክስ ነበር።»

«ሳነክስ አይተሽ እንዴት ነህ አትይኝም?»

«ሐሙስ ደህና ስትራመድ አየሁህ። አይ ኖው ዩ አር ኦኬ፣ አባዬ። ለዚህ እኮ ነው የማልደውለው።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ እኔን ታያለሽ! እኔስ ማንን ልይ? አንቺ በየቀኑ እያየሽኝ፣ እኔ ድምፅሽን ለመስማት ፓስወርድ እስኪጠፋ ልጠብቅ?»  መሰላሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ማልቀስ ጀመረች። «ሶሪ» አለች፣ ደጋግማ። ሁለታችንም አፈርንና ስለ ካሜራው ማውራት ጀመርን።

ያን ዕለት ከሰዓት በራሴ ኢሜይል፣ በራሴ ፓስወርድ አስነሳሁት፤ አሁን የሚታየው በኔ ስልክ ብቻ ነው። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ አፑ ደጅህ ላይ ሰው አለ እያለ ይነግረኛል። ሳምንቱ ሲያልቅ ቁጭ ብዬ የቀዳውን ሁሉ አየሁት። ሲወጣ እኔ፣ ሲገባ እኔ። የፖስታ ሳጥኑ መንገድ ዳር ስለሆነ ፖስተኛው እንኳ የለበትም። ትከሻዬ እንዲህ መጉበጡን አላውቅም ነበር። ልጄ በየጠዋቱ ይሄን ስታይ ነው የከረመችው።

አሁን ከሥራ ስትወጣ ትደውልልኛለች።

«ካሜራው ተሰራ?»

«የት አባቱ፣ እምቢ አለኝ» እላታለሁ። ውሸቴን ነው፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ማየት ስለማትችል እንዴት ዋልክ ትለኛለች፤ ጉልበትህስ፣ ምን በላህ ትለኛለች። እኔም አንድ በአንድ እነግራታለሁ።