ጓዴ ከልጁ ሰርግ የሸሸ ዕለት

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት ጓዴ የሚባል ገበሬ በስማዳ፣ ከወገዳ ብዙ በማትርቅ መንደር ይኖር ነበር። ገብሱ ሲያሸት አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያያል። ቤቱን ያየ ሰው ግን ግራ ይገባዋል። በሩ ላይ ሁልጊዜ የበሬ ቆዳ ተንጠልጥሏል። ግድግዳው ጭላንጭል እንዳያስገባ በየጊዜው ይመረጋል። በቀትር የገባ እንግዳ መደቡን በእጁ ዳብሶ ነው የሚቀመጠው።

«ራሳቸውን ያማቸዋል» ትላለች ሚስቱ የሻረግ፣ ለጠየቃት ሁሉ።

እውነቱ ሌላ ነው። ጓዴ ከልጅነቱ ጀምሮ ድምፅና ብርሃን ይበረቱበታል። የድስት ክዳን ሲወድቅ፣ ውሻ ሲጮኽ፣ የረፋድ ፀሐይ በበር ስትገባ፣ ሌላው ልብ የማይለው ነገር እሱን እንደ ወስፌ ይወጋዋል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ካለበት ተነሥተህ ሩጥ ሩጥ ይለዋል። ስለዚህ ጎህ ሲቀድ ያርሳል፣ ፀሐይ ስትበረታ በሬዎቹን ፈትቶ ይገባል። የበግ ጠጉር በሰም ለውሶ ጆሮው ውስጥ ይወትፋል። የሻረግ እህሏን የምትፈጨው ጎረቤት ሄዳ ነው። ልጆቹም ዕቃ ሳያንኳኩ ማስቀመጥን ከእግር መትከል ጋር ተምረውታል።

ጓዴን የሚያሳፍረው ይኸው ነበር። ቤተሰቡ በሙሉ በእሱ ምክንያት በጨለማ ውስጥ እያንሾካሾከ ይኖራል። ወንድ ጥይት እያጮኸ በሚፎክርበት አገር ደግሞ «ድምፅ ያመኛል» ብሎ ለማን ይናገራል?

ትልቋ ልጁ ዓለሚቱ ለእስቴው ልጅ ለአንዳርጌ ታጨች። ሰርጉ ሲቃረብ ጓዴ ሚስቱን «ከወንድሜ ከፈንታ ደጅ ብንድራትስ?» አላት።

«አባቷ እያሉ ከሰው ደጅ ትዳራለች? ሰው ምን ይላል?»

«እውነትሽን ነው። እችለዋለሁ» አለ።

በሰርጉ ዕለት ጆሮውን ወትፎ ከዳሱ በር ላይ ቆመ። አጃቢዎቹ ዳገቱን ሲወጡ ከበሮውን ቻለ። እልልታውንም ጥርሱን ነክሶ ቻለ። ደጃፍ ሲደርሱ ግን ምንሽር የያዙት ጎልማሶች በአንድነት ወደ ሰማይ ተኮሱ። እንዴት እንደሮጠ ጓዴ ራሱ አያውቅም። የሙሽራው አጎት ንጉሴ የሙሽራዋን አባት ለምርቃት ሲፈልግ፣ ከጥጆቹ ማደሪያ ገለባ ላይ ተኮራምቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ፣ በሁለት እጁ ጆሮውን ይዞ አገኘው።

«ምነው? ተመቱ እንዴ?»

ጓዴ ራሱን ነቀነቀ።

«ታዲያ ምን ሆኑ?»

ጓዴ ጋቢውን ይብሱን ተከናነበ። ንጉሴ ጥቂት አየውና ዞሮ ሄደ። ወዲያው ከዳሱ ሳቅ ተሰማ። ልጅቱን ፈንታ መረቃት። በቅሎ ላይ ተቀምጣ ስትሄድ አባቷ ከጥጆቹ መካከል አልወጣም።

ከዚያ በኋላ ከገበያም ከቤተ ክርስቲያንም ቀረ። የንስሐ አባቱ አባ ወልደማርያም ከቤቱ ድረስ መጡ።

«ምን አስቀረህ፣ ልጄ?»

«አፈርኩ፣ አባቴ።» ከልጅነቱ ጀምሮ ያለውን ሁሉ ነገራቸው። ከቤተሰቡ ውጭ ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር።

አባ «አንተስ እዚህ ተሸሸግህ» አሉ። «እሷ በባሏ ቤት ‹የፈሪ ልጅ› ስትባል የት ትሸሸጋለች?»

ይህን ጓዴ አላሰበውም ነበር። አለማሰቡም ሌላ እፍረት ሆነበት። በማግሥቱ ጋቢውን እስከ ዓይኑ ድረስ ሸፍኖ ወደ እስቴ ተነሣ።

የአንዳርጌ ቤተሰብ ምሳ ላይ ነበር። ንጉሴም ዓለሚቱም አሉ። ጓዴ ተቀመጥ ቢባል እንቢ አለ።

«ፈሪ አይደለሁም ልላችሁ አልመጣሁም» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «ጩኸትና ብርሃን ከልጅነቴ ጀምሮ ያመኛል። እስከ ዛሬ ደብቄዋለሁ። ልጄን ሳልመርቅ ሸሸሁ። ይቅር እንድትለኝ ነው የመጣሁት።»

«ስሙ ምን ይባላል ይህ በሽታ?» አለ ንጉሴ።

«አላውቀውም።»

ዓለሚቱ ተነሥታ በሩን ዘጋች፣ የእሳቱን ነበልባል በአመድ አዳፈነች። ባዕድ ቤተሰብ እንጀራውን እንደ ቆረሰ በድንግዝግዝ ውስጥ ቀረ። ጓዴ ከጥጆቹ ማደሪያ ይልቅ እዚያ አፈረ። ልጁ ከእግሩ ስር ስትንበረከክ እጁን ራሷ ላይ አኖረና «ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ልጅ ይስጥሽ፣ የእኔን ሕመም ግን አይስጥሽ» አለ።

«አሜን!» አለ ንጉሴ ጮኾ። የጓዴ ትከሻ ሲዘል አየና አፉን በእጁ ያዘ። ከዚያ በቀስታ «አሜን» ብሎ ደገመው።

ሌሎቹ ልጆች ሲዳሩ ጓዴ የሚመርቃቸው አጃቢ ሳይመጣ፣ ገና ከጓዳ ሳይወጡ ሆነ። አገሩም ለመደውና ማንም አልሳቀም። እሱ ግን አልለመደውም፤ ሰው ሊያናግረው ሲመጣ ድምፁን ዝቅ ባደረገ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።