ኮከብ ያልተለጠፈበት ምሳ ዕቃ

የልጅ ምሳ ዕቃ በሰው ፊት ተከፍቶ አይመዘንም። በልጅ ልጄ ክፍል ግን አመጋገብ ለማስተማር ተብሎ ሲመዘን ከርሟል። ይህ በደል ነው፤ ተረስቶ እንዳይቀር ጻፍኩት።

ነገሩ የመጣው በደግነት ነበር። ልጄ ኦሎምፒያ አካባቢ አንድ ድርጅት ውስጥ ትሠራለች። ድርጅቱ ሠራተኞቹ ለሚጠቁሙት ትምህርት ቤት ድጋፍ ይሰጣል። እሷም እዚህ ቦሌ አራብሳ ልጇ የምትማርበትን ጠቆመች፤ ተመረጠ። የአመጋገብ አስተማሪ ተቀጠረች። እኔም እልል ብያለሁ፤ አልዋሽም።

አስተማሪዋ ታዲያ በምሳ ሰዓት እየዞረች ክዳን ትከፍታለች። እንቁላል ወይም ፍራፍሬ ካየች የወረቀት ኮከብ ትለጥፋለች። ካላየች ክዳኑን መልሳ ታልፋለች።

የልጅ ልጄ ምሳዋን ሳትነካ መመለስ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ?»

«አልራበኝም።»

«ውሸታም! ገና ከበር ዳቦ ስጡኝ የምትለው ማን ናት?»

አለቀሰች። «ሽሮ ፍትፍት ኮከብ የለውም። ከከፈትኩት ሁሉም ያዩኛል።»

ለልጄ ነገርኳት። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ነበር፤ ከኦሎምፒያ አራብሳ መመለስ ራሱ ሌላ ሥራ ነው።

«እማዬ፣ እንቁላል እገዛለሁ፤ በቃ ተይው።»

«እሺ፣ ለኛ ተገዛ። ከሕንፃችን በር ላይ ቲማቲም የምትቸረችረው ሴትዮ ልጅስ? ከኛዋ አጠገብ ነው የምትቀመጠው፤ ደረቅ ዳቦ ነው የምትይዘው።»

«የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አንቺ ነሽ የወለድሽው?»

«አንቺስ የጠቆምሽው ለልጅሽ ብቻ ነው?»

ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እንቁላሉን ብትገዛም እኔ ምሳ ዕቃው ውስጥ አላስገባሁም።

ርእሰ መምህሩ ዘንድ ሄድኩ። «እማማ፣ ኮከቡ የፕሮጀክቱ ነው፤ እኛን አይመለከትም» አሉኝ። አስተማሪዋን ጠየቅኩ፤ ገና ልጅ እግር ናት። «እኔ እኮ የኮከቡን ፎቶ ላኪ ተብዬ ነው፤ ድጋፍ ሰጪዎቹን ያናግሩ» አለችኝ። እሷም የደከማት ትመስላለች።

ጉልበቴን እየረገምኩ አራት ፎቅ ወረድኩና በአውቶቡስ ኦሎምፒያ ሄድኩ። ለልጄ አልነገርኳትም። እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ወጣት ውሃ ሰጠችኝ፤ ደውላም ጠየቀችልኝ።

«እናቴ፣ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ቅሬታ ሲኖር የሚከታተለው ትምህርት ቤቱን የጠቆመው ሠራተኛ ነው። ልጥራልዎት?»

«ተይው ልጄ፣ ማታ ቤት አገኛታለሁ።»

የቀለድኩ መስሏት ሳቀች። እኔ ግን የውሃውን ብርጭቆ መልሼላት ወጣሁ። ያን ሁሉ መንገድ የሄድኩት ማታ ማታ ሶፋዬ ላይ ወደማገኛት ሰው ነው።

ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል። «መሥሪያ ቤቴ ድረስ! እናትሽ ልትከስሽ መጣች እያሉ ሳቁብኝ» አለች ልጄ። ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ሳንነጋገር ከረምን። ልጅቷ በመካከላችን ቁጭ ብላ አንዴ እኔን፣ አንዴ እናቷን ታያለች። ምሳ ዕቃው እንደሞላ ይሄዳል፣ እንደሞላ ይመለሳል። አንድ እንቁላል ብቀቅል ኖሮ ሰላም ይወርድ ነበር። አልቀቀልኩም።

አንድ ጠዋት ልጄ ከሥራ አስፈቅዳ ትምህርት ቤት ሄደች። ስትመለስ ወጥ ቤት የትናንቱን ፍትፍት እየደፋሁ ነበር። ቦርሳዋን ሳታወርድ በሩ ላይ ቆመች።

«ከነገ ጀምሮ ክዳን አይከፈትም፤ ትምህርቱ በሥዕል ይሆናል። የመሥሪያ ቤቴ ሰዎች ግን ፎቶው ከቀረ ድጋፉ ለከርሞ መቀጠሉን እንጃ ብለዋል። እኔም እማዬ፣ ሁለተኛ ማንንም አልጠቁምም።»