ፋሲካን የማያውቀው መስመር

በዚያ ሶፍትዌር አሁንም እበሽቃለሁ። ከላፕቶፔ ላይ ካጠፋሁት ቆይቷል፤ ንዴቱ ግን አልጠፋልኝም።

የዋጋ ግራፍ ማንበብ የተማርኩት በስልኬ ነው። እንጅባራ ውስጥ እንደኔ ደመወዝ አልበቃው ያለ መምህር ሁሉ ያን ሰሞን የፎሬክስ፣ የኢንተርኔቱ የምንዛሪና የወርቅ ንግድ፣ ተማሪ ሆኖ ነበር። ቀይና አረንጓዴ ሻማ በሚመስሉ ምልክቶች ላይ አፍጥጬ ወራት አለፉ። ኔትወርኩ ልገዛ ስል ይጠፋል፤ ዋጋው ካለፈኝ በኋላ ይመጣል። ሲሰለቸኝ ሌላ ብልሃት መጣልኝ፦ የዓለምን ወርቅ ትቼ የኛኑ የቆሰበር ገበያን ድንች ለምን አላጠናም?

አባቴ ጥሊሊ አጠገብ ገበሬ ናቸው። ያላቸው በሬ አንድ ብቻ ነው፤ ከጎረቤታቸው በሬ ጋር እያቀናጁ ነው የሚያርሱት። የጎረቤትየው ማሳ ካልታረሰ የሳቸው ተራ አይደርስም። ያን ዓመት በመስኖ ያለሙት ድንች ሁለተኛ በሬ ሊሆንላቸው ነበር።

በኛ አገር የደረሰ ድንች ወዲያው ተቆፍሮ አይወጣም። ዋጋው እስኪያምር አፈር ውስጥ ይቆያል። መቼ እንደሚወጣ የሚወስኑት አባቴ ነበሩ፤ እኔ እስክገባበት ድረስ።

የዋጋውን ቁጥር ከዳንግላ በስልክ የሚነግሩኝ አንድ ሙስሊም የድንች ነጋዴ ነበሩ፤ በዕድሜ አባቴን ያክላሉ። የአምናውንም የዘንድሮውንም ገበያ በየሳምንቱ እየጠቀሱ አስመዘገቡኝ። ቁጥሩን ላፕቶፔ ላይ በጫንኩት የግራፍ ሶፍትዌር አስገባሁት፤ እሱ ግን ከጅምሩ አስቸገረኝ። የየቀኑን ዋጋ ስጠኝ ይላል፤ የኛ ገበያ የሚቆመው በሳምንት አንዴ ነው። መካከሉን ባዶ ብተውለት በራሱ መስመር ሞላው። አንድም ሰው ድንች ባልሸጠበት ቀን ዋጋ ፈጠረ! በኛ የቀን አቆጣጠር ብጽፍለትም አልቀበልም አለ። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ነገር ግን መስመሩ ከጾም መግቢያ ጀምሮ ሽቅብ ሲወጣ አየሁትና ልቤ ቀለጠ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ አባቴ ዶማቸውን ይዘው፣ «ከሆሳዕና በፊት እናውጣው» አሉ።

«አባባ፣ ትንሽ ይታገሱ። አምና ዋጋው ጣሪያ የነካው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው። ይኸው፣ ይዩት።» ላፕቶፑን አዞርኩላቸው።

መስመሩን በጣታቸው እስከ ጫፉ ተከተሉት። «ይሄ ነው የሚነግርህ?»

«አዎ።»

«እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ» አሉና ዶማውን ግድግዳው ሥር አቆሙት።

ፋሲካ ያን ዓመት ሚያዝያ ሳይጋመስ ዋለ። በሚቀጥለው ገበያ ድንች የሚጠይቅ ሰው ጠፋ፤ ዋጋው ወደቀ። ደንግጬ ዳንግላ ደወልኩ።

«ልጄ» አሉ ነጋዴው፣ «ድንች የሚወደደው በጾም አይደለም እንዴ? አምና ፋሲካችሁ ዘግይቶ ነበር፣ ዘንድሮ ቀደመ። እኔ ሙስሊሙ ጾማችሁን ቆጥሬ ስነግድ አንተ ጿሚው እንዴት ይጠፋሃል?»

ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ የድንች ወጥ ስበላ የከረምኩት እኔው ነኝ። ሶፍትዌሩ ዋጋው መቼ እንደወጣ ያውቃል፤ ድንቹን ማን እንደበላውና ለምን እንደበላው ግን አያውቅም። ቢነግሩት እንኳ የሚጽፍበት ቦታ የለውም። ስሰድበው ዋልኩ፤ ስድቡ ግን ለኔም እንደሚገባ አላጣሁትም።

ያኔም ብናወጣው የተወሰነው ይተርፍ ነበር። ሶፍትዌሩ ደግሞ ይህን ያህል የወደቀ ዋጋ ተመልሶ ይነሣል የሚል ምልክት አሳየኝ። አንዴ የተታለለ ሰው ይነቃል ይባላል እንጂ እኔ አልነቃሁም፤ አባቴን ሁለት ሳምንት ይጨምሩልኝ አልኳቸው፣ ጨመሩልኝ። ዝናቡ ቀድሞ ገባ። ስንቆፍር ግማሹ ድንች በስብሶ እጃችን ላይ ፈረሰ፤ ሽታው ከልብሴ ለቀናት አልለቀቀም። አባቴ አልተቆጡኝም። ሊያግዘን ለመጣው ጎረቤት በአዊኛ፣ ወደኔ እንኳ ሳያዩ፣ «ዝናቡ ነው» አሉት። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሶፍትዌሩን አጠፋሁት። ለአባቴ ግን አልነገርኳቸውም።

ኅዳር ላይ ጥሊሊ ስሄድ የመስኖውን መሬት ለተከላ ሊያዘጋጁ በማለዳ ጠምደው አገኘኋቸው፤ የራሳቸውንና የጎረቤታቸውን በሬ። ለድንች ፈሩ ሰፋ ይላል፣ ለሽንኩርት ይጠባል። ጅራፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወደኔ መጡ።

«ያ መስመርህ ምን አለ? ድንች ነው ሽንኩርት?»

ፊታቸውን አየሁት። የሚያሾፉብኝ ቢሆን አብሬያቸው እስቅ ነበር። የምራቸውን ነው፤ ያን ሁሉ ድንች ካበሰበስንም በኋላ የምራቸውን ነው። አላውቅም፣ እሱም አያውቅም፣ እርስዎ ያውቃሉ ማለት ነበረብኝ።

«ኔትወርክ የለም» አልኳቸው።

«እሺ፣ እስኪመጣ እንጠብቃለን» አሉና ሄደው በሬዎቹን ፈቱ።

የጎረቤታቸው በሬ የተሰጠን ለዚያች ቀን ብቻ ነበር።