በወንድሟ ስም የገባ ሥራ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «ምራቁን የዋጠ» የሚሉት ፕሮግራመር እሱ ነበር። ሲጽፍ አይቸኩልም፤ ሲናገርም አይቀድም። ታናሽ እህቱ እዚያው ለሙከራ ስትቀጠር ሁሉም «የሱ እህት ከሆነች ምን ይጠየቃል!» አሉ።

የእህትየው ላፕቶፕ ገና በጠዋቱ ተበላሸ። እቤት እሱ ኳስ ሲያይ እሷ የምግብ ጠረጴዛው ላይ በእሱ ላፕቶፕ ትሠራለች።

«ጋሼ፣ የኔንም አካውንት አስገባልኝ እንጂ። የምልከው ሁሉ ባንተ ስም እየገባ ነው» አለችው።

እውነቷን ነው። አንድ ሰው የጻፈውን ኮድ ወደ ጋራው ማከማቻ ሲልክ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው አካውንት ስም አብሮ ይመዘገባል። ሁለት አካውንት ለያይቶ ማስቀመጥ ለእሱ ሻይ እስኪበርድ የሚያልቅ ሥራ ነው። «ነገ» አላት። በማግስቱም «ነገ» አላት። እሷ ደግሞ የታላቅ ወንድሟን ዕቃ ሳይፈቅድላት አትነካካም።

አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አለቃቸው ወደ እሱ ዞረ። «ያ ሲያስለቅሰን የኖረ የቀጠሮ ገጽ ተስተካከለ! እጅህ ይባረክ!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ያስተካከለችው እህቱ ናት። «የሷ ነው» ቢል ይበቃ ነበር። ጭብጨባው ግን ጣፈጠውና አንገቱን ሰበር አድርጎ «ኧረ ምን አደረግኩ» አለ። ትሕትና መሰላቸው። እህቱ አቀርቅራ ጥፍሯን ታይ ነበር።

ያን ዕለት እቤት እንደገቡ አካውንቷን አስገባላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! እሷ ስለ ስብሰባው ምንም አላነሳችም። ብትሰድበው በወደደ ነበር፤ ዓይኗን ማየት አቃተው።

የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ «በስሟ የገባ ይህ ነው የሚባል ሥራ የለም፣ ልትሰናበት ነው» የሚል ወሬ ሰማ። ጠዋት አለቃው ቢሮ ገባ።

«ስለ እህትህ ነው?» አለ አለቃው። «ትናንት ራሷ መጥታ ነገረችኝ። ‹በሱ ላፕቶፕ ስሠራ አካውንት መቀየር ረስቼ ነው፤ እሱ የሚያውቀው ነገር የለም› አለችኝ። በል አትጨነቅ፣ ትቀጥላለች።»

አመስግኖ ወደ በሩ ሄደ። በመስታወቱ አሻግሮ አያት፤ አጎንብሳ ትጽፋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው። እጀታውን ለቀቀና ተመለሰ።

«አውቅ ነበር» አለ።

«ምኑን?»

«ደጋግማ ነግራኛለች። ስታጨበጭቡልኝም አውቅ ነበር።»