የእትዬ ይመኙሽ ሁለተኛ ዓይን

ላቀው ክፉ ሰው አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ባለፈው ዓመት የትምህርት ቤቱ የወላጆች በዓል ላይ የነበረ ሰው ሁሉ «ያ እህቱን ይሁዳ አድርጎ የሳለው መምህር» እያለ ስለሚያማው ነው። አፋቸውን ይያዙ! እኔ እናኑ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እዚህ ጎንደር አንድ ግቢ ውስጥ ከላቀው ጋር በር ለበር ስንኖር ልጄ ፅዮን ተወልዳ አምስተኛ ክፍል ደርሳለች። የሆነውን ያየሁት እኔ ነኝ።

አባቱ አያ ገብረ ሚካኤል ዳባት በኩል ቤተ ክርስቲያን የሚስሉ ሰው ነበሩ። ልጆቻቸው ሁለት ናቸው። ትልቋ እትዬ ይመኙሽ ቀለም ይፈጩላቸው ነበር፤ ትንሹ ላቀው ደግሞ ብሩሽ ያጥባል። አያ ገብረ ሚካኤል ጻድቁንና ሰማዕቱን ሲስሉ ፊቱን ወደ ሰው አዙረው፣ ሁለት ዓይኑን ቁልጭ አድርገው ነው። ሰይጣኑና ይሁዳው ግን በጎን ይሳላሉ፤ አንድ ዓይን ብቻ። ይህን እኛ አገር የማያውቅ የለም፤ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ እያየ ያደገ ሕፃን እንኳ ባለ አንድ ዓይኑ ምን ዓይነት እንደሆነ ይነግራችኋል። ላቀው ልጅ ሆኖ መጀመሪያ የተለማመደው በአጋንንቱ ላይ ነው፤ ቢበላሹም ማንም አያዝንላቸውም። እጁ ሲጠና አባቱ ወደ ቅዱሳኑ አሻገሩት፤ ከዚያ ወዲህ ሰው በጎን ስሎ አያውቅም።

ኋላ ከተማ ገባ፣ መምህራን ኮሌጅ ተማረ፣ የሥዕል መምህር ሆነ። ዛሬ ትምህርቱን «ክወናና እይታ ጥበባት» ይሉታል፤ እኔ ሥዕል ነው የምለው። ለተማሪዎቹ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ያንኑ የአባቱን ፊት ነው። ፅዮን አንድ ቀን «እማዬ፣ ሳልኩሽ» ብላ ወረቀት ዘረጋችልኝ። ዓይኔ እንቁላል አክሏል። «ይቺ ኪሩቤል ናት እንጂ እኔ ነኝ?» ብላት፣ «ጋሼ ላቀው ሰው እንዲህ ነው ብለውናል» አለችኝ።

ካቻምና ክረምት ለመምህራን ሥልጠና ተጠራ። አሠልጣኟ ወንጌላዊት የምትባል፣ ልጁ የምትሆን ወጣት ናት። ሥራዎቹን አገላብጣ አየችና፣ «ጋሼ፣ የዚህ ሁሉ ሰው ፊት አንድ ነው። የማን ፊት ነው?» አለችው። ሌላ ሰው ቢሆን «አንቺ ማን ነሽና!» ብሎ ይነሳባት ነበር። እሱ ግን ወደ ቤቱ መጥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

«እናኑ» አለኝ፣ «እስካሁን ሰው አይቼ አላውቅም።»

«እኔን በየቀኑ የምታየኝ ምኔን ነው ታዲያ?»

«አፍንጫሽ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ማለቱን ያየሁት አሁን ነው።»

«አፍንጫህ ይዘንበል!» አልኩት። ሳቅን፤ እሱ ግን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ አንዴ ያዘው። ሃምሳውን ያለፈ ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከሀ ጀመረ። ጣሳ ይስላል፣ ጫማ ይስላል፣ ዶሮዬን ይስላል። እኔ የስፌት መኪናዬ ላይ አጎንብሼ ስሰፋ ከጎኔ ይቆምና ዓይኑን ይተክልብኛል። «ምነው ላቀው፣ መርፌው ጣቴን ካልወጋው አይበቃህም?» እለዋለሁ፤ አይሰማኝም። የጎን ፊት ሲጀምር እጁ ይንቀጠቀጣል። ትንሽ ያሰምርና መልሶ ያጠፋል። «አባቴ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል» አለኝ አንድ ቀን።

ክፍል ውስጥም ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጎ እያስቀመጠ «ሳታዩ አትሳሉ፤ እኔም ገና እየተማርኩ ነው» ይላቸው ጀመር። የሥራ ባልደረቦቹ ጡረታው ሲደርስ ፊደል ቆጠረ እያሉ ሳቁበት። ፅዮን ደግሞ አፍንጫዬን ከነዘንባላነቱ ስላው መጣች! መምህርና ተማሪ ተባብረው መልኬን አጋለጡት።

ብቸኛ ነው ላቀው። ሚስቱ ሳትወልድለት ሞተች፤ ሌላ አላገባም። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ከእኔ በቀር የሚያናግረው የለም፤ እኔም ሥራ ሲበዛብኝ ለገዛ ልጄ እንኳ መልስ አልሰጥም። በሩን የሚያንኳኩለት እትዬ ይመኙሽ ብቻ ነበሩ። የቄስ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ካረፉ፣ ልጆቻቸውም በየፊናቸው ከሄዱ በኋላ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጠዳ ብቻቸውን ይኖራሉ። በየእሁዱ አስቀድሰው፣ ነጠላቸውን እንደለበሱ ሚኒባስ ይዘው ይመጣሉ። ሽሮውንና በርበሬውን ያራግፉለታል፣ ቤቱን አይተው ይቆጡታል፣ ከዚያ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሳምንቱን ምስር ይለቅሙለታል። ብዙም አያወሩም። እሱ ግን ገና ከቅዳሜ ጀምሮ ፊቱ ይፈካል። እሁድ ባይኖር ያ ሰው ምን ይውጠው ነበር!

ግንቦት ላይ አንድ እሁድ ሳላቸው። እትዬ ይመኙሽ ምስሩን እየለቀሙ በሐሳብ ጭልጥ ብለዋል፤ እጃቸው ትሪው ላይ ቆሟል፣ ዓይናቸው በመስኮቱ ወደ ውጭ ነው። ላቀው እዚያው ቁጭ ብሎ በከሰል ሳላቸው፤ በጎን። እሳቸው ሲሄዱ ጠርቶ አሳየኝ። ጉንጫቸው ጎድጉዷል፤ ከንፈራቸው አንድ ነገር ሊናገሩ አስበው እንደተዉት ትንሽ ከፈት ብሏል። እኒያ ቁጡ ሴትዮ ከእሁድ እስከ እሁድ ጠዳ ላይ እንዴት እንደሚውሉ ያኔ ገባኝ።

«እጄ አልተንቀጠቀጠም» አለኝ ላቀው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ሰኔ ላይ የወላጆች በዓል ሲደርስ ሥዕሉን ከተማሪዎቹ ሥራ መሀል ሰቀለው። ሊያስደስታቸው ብሎ ምንም ሳይነግራቸው እህቱን ጠራቸው። ጥፋቱ ይህችው ናት፤ ሌላ የለበትም። እትዬ ይመኙሽ ከደብራቸው ሴቶች ጋር አምረው መጡ። ሥዕሉ ፊት ደርሰው ቆሙ።

«ላቀው» አሉ፤ «ሁለተኛው ዓይኔ የታለ?»

«እትዬ፣ በጎን ስትታዪ እኮ ነው…»

«ቀለሙን የፈጨሁት እኔ ነኝ! አባታችን በጎን እነማንን ያደርግ እንደነበር ለእኔ ልትነግረኝ ነው? ምን በደልኩህ፣ ወንድሜ?»

አብረዋቸው ከመጡት ሴቶች አንዷ አማተበች። እትዬ ይመኙሽ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው ወጡ። ላቀው ከኋላቸው እስከ በሩ ሮጠ፤ ዞር ብለው አላዩትም።

በሚቀጥለው እሁድ አልመጡም። ላቀው «መንገድ ተዘግቶ ይሆናል» አለኝ። እኔ ከጠዳ የመጣች ደንበኛዬን ለክቼ የሸኘሁት በዚያው ጠዋት ነበር፤ ምን ብዬ ልንገረው? በተከታዩ እሁድ «ዝናቡ ነው» አለ። ምስሩን ራሱ ይለቅም ጀመር። አንድ ቀን ወጡን አቀመሰኝና ጠጠሩ ጥርሴን ሊሰብረው ነበር። ሰውየው ከስቷል፤ ልብሱን በተርታ ማጥበብ ይዣለሁ።

ነሐሴ ሲገባ ጠዳ ሄደ። እትዬ ይመኙሽ በር ላይ ቆመው ነው ያነጋገሩት፤ ግባ አላሉትም። «ሸጋ አድርገህ ሁለቱንም ዓይኔን ሳልልኝ፤ ያን ጊዜ እመጣለሁ። ስሞት የሚቀረው መልኬ እሱ አይሁን» አሉት።

«ታዲያ አንድ ዓይን መጨመር ምን ይከብድሃል?» ብዬ ጮህኩበት ሲነግረኝ። «እኔ ደንበኛዬ እጅጌው አጠረ ካለችኝ እቀጥልላታለሁ!»

«እናኑ፣ በዕድሜዬ ያየሁት ሰው እሷን ብቻ ነው። እንዴት አድርጌ ላበላሸው?»

ወንጌላዊት ጋ ደወለ። «እንዳይነኩት ጋሼ፤ የሚፈልጉትን ሌላ ይሥሩላቸው» አለችው። ሠራላቸው። እንደ አባቱ በሸራ ላይ፣ በቀለም፤ ክብ ፊት፣ ትልልቅ ሁለት ዓይን፣ ከጀርባው ቢጫ። ባንድ ከሰዓት ጨረሰው። አጠገቡ ነበርኩ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ቆም ብሎ አላሰበም፣ የከሰሉንም ሥዕል ዘወር ብሎ አላየም። እጁ የለመደውን ሄደበት። ሲያበቃ «እንዴት ነው?» አለኝ።

«ሸጋ ነው» አልኩት። የተሳለችው ግን ማንም ሴት ልትሆን ትችል ነበር።

እትዬ ይመኙሽ አይተውት እልል አሉ፤ ወንድማቸውን አገላብጠው ሳሙት። «አሁን እኔን መሰልኩ!» አሉ። ጠዳ፣ ሰው ሁሉ የሚያየው ቦታ ሰቀሉት። «ያንን ግን አቃጥለው» አሉት። «እሺ እትዬ» አላቸው፤ አላቃጠለውም፣ ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ከዘመን መለወጫ ወዲህ እሁድ ተመልሷል። ሽሮውም መጥቷል፣ ቁጣውም መጥቷል። እኔም እሰይ ብዬ ነበር። ባለፈው እሁድ ያጠበብኩለትን ሱሪ ላደርስ ገባሁ። እትዬ ይመኙሽ ወንበራቸውን ከመስኮቱ አንስተው መሀል ቤት አድርገውታል። ትሪው ጭናቸው ላይ ነው፣ አንገታቸው ቀጥ ብሏል፣ ፊታቸው ወደ ላቀው ነው። ላቀው ውኃ ሊቀዳ ሲነሳ ፊታቸው አብሮት ዞረ፤ ሲመለስም ተከተለው። ምስሩን የሚለቅሙት ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ሳያነሱ፣ በዳሰሳ ነው። እሱም እርሳስ አልያዘም። ሁለቱ ወንድምና እህት ፊት ለፊት ተቀምጠው ይተያያሉ፤ ሱሪውን አልጋው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ሚኒባስ ላይ አሳፍሯቸው ሲመለስ ደጃፌ ላይ ቆመ።

«በል እንግዲህ፣ መጡልህ አይደል?» አልኩት።

«መጣች» አለኝ። «ያን እኔ መኖሬን ረስታ ነበር የተቀመጠችው። ከእንግዲህ አትረሳም።»