ለአዴ የወሰድኩት ሾርባ

ጅማ አጠገብ ባለችው የቡ ብቻዋን የምትኖር ሴት ዶሮ ልትሠራ ካሰበች መጀመሪያ የምትፈልገው ወንድ ነው። ሴት አታርድም። ቢላዋዋን ስላ፣ ዶሮዋን በክንፏ ይዛ በሯ ላይ ትቆምና ከሚያልፉት አንዱን "ወንድሜ፣ ይህችን ባርክልኝ" ትለዋለች። እሱም ልብሱን ከደሙ አሽሽቶ ያርድላትና መንገዱን ይቀጥላል። እኔም ስድስት ዓመት ያደረግሁት ይህንኑ ነው። በደጄ የሚያልፉት ወንዶች ሙስሊሞች ስለሆኑ፣ ምንም ሳላስብበት ድስቴ የእስላም ድስት ሆኖ ኖረ። ጎረቤቴ አዴ ከእኔ ቤት ሳይጠይቁ ይበሉ የነበረውም በዚህ ምክንያት ነው።

አዴ የምላቸው በአጥር የምንዋሰን፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ቡና እያሰጡ የሚኖሩ እናት ናቸው። አዴ በኦሮምኛ የአክብሮት መጥሪያ ነው፤ ከስማቸው ቀድሞ የለመድኩት እሱን ሆነና በዚያው ቀረ። ወጥ ቤቴ ገብተው የድስቱን ክዳን ያነሡ ነበር፤ በጣታቸው ይቀምሱና ጨው አነሰው ይሉኛል። ሁልጊዜም አንሶት ይገኛል።

ወደዚህ የላከችኝ ጅማ ያለችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት። ሽማግሌዎቹ ሲሸኙኝ የሰጡኝ መመሪያ "ሂጂና በመካከላቸው ኑሪ" የሚል ብቻ ነበር። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ወገቤ ላይ ከማይደርሱ ልጆች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጬ። ስለዚህ ይሁን አይሁን እንጃ፣ ትእዛዝ አንድ ሁለት ተብሎ ካልተዘረዘረልኝ እረበሻለሁ። "ኖሬስ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። ኑሮሽን ያዩታል አሉኝ። እንግዲህ ኖርኩ። ጠዋት ጠዋት ለሴቶች ፊደል አስተምራለሁ፤ ለቅሶ እደርሳለሁ፤ ቡና ሲደርስ አብሬ እለቅማለሁ። ጅማ ስሄድ ግን "ፍሬው እንዴት ነው?" ይሉኛል፤ የትኛውን ፍሬ እንደሚሉ አጥርቼ አላውቅም። የራሷን ስም መጻፍ የቻለች ሴት ፍሬ ናት? አንድም ሰው ወደ እኛ እምነት አልመጣም። ፍሬ የምለው ነገር ከነበረኝ፣ አዴ ክዳኔን ማንሣታቸው ነበር።

ባለፈው ዓመት አዴ ጅማ ተወስደው የእንቅርት ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው። አንገታቸው ላይ ፋሻ ታስሮ፣ ድምፃቸው ወደ ሹክሹክታ ወርዶ ተመለሱ። ሐኪሙ ጮክ ብለው እንዳይናገሩ፣ ለጊዜው በቀላሉ የሚዋጥ ነገር ብቻ እንዲወስዱ አዟቸዋል። በገበያው ቀን ዶሮ ገዛሁና እንደ ልማዴ ደጃፌ ላይ ቆምኩ። የለቀማ ሰሞን ስለነበር የመንደሩ ወንድ ሁሉ ማሳ ላይ ነው። ብዙ ቆይቼ፣ ባዶ ጆንያ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ የማላውቀው ሰው ሲያልፍ ባርክልኝ አልኩት። ዶሮዋንና ቢላዋውን ሰጥቼው የፈላ ውሃ ላመጣ ጓዳ ገባሁ። ከጓዳ ሆኜ ሲናገር ሰምቼዋለሁ፤ ምን እንዳለ ግን ልብ አላልኩም። አመስግኜ ሸኘሁት።

አዴ ሾርባውን ሁለት ቀን ጠጡ። ወላሂ ጉሮሮዬን ከፈተልኝ አሉ፤ ጨው ማሳነሴንም በዚያች በቀረቻቸው ድምፅ ሳይነግሩኝ አላለፉም።

በሦስተኛው ቀን ያው ሰው የሚጠጣ ውሃ ሊለምነኝ መጣ። ከሰሜን ለለቀማ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው። ጣሳውን ሊቀበለኝ ጎንበስ ሲል ከሸሚዙ ውስጥ ጥቁር ማተብ ወጣ። ከመጠጣቱ በፊት አማተበና "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ" አለ። የዶሮዋ ቀን ድምፁ ያን ጊዜ ተመልሶ መጣልኝ። ያኔም ያላቸው እነዚሁኑ ቃላት ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ በየበዓሉ በግ ሲያርድ ይላቸው ስለነበር፣ ጆሮዬ ሳይጠይቅ አሳለፋቸው። "ቢስሚላህ" ብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ልብ እለው ነበር።

እዚህ አገር ሙስሊምና ክርስቲያን አንድ ለቅሶ ላይ ያለቅሳል፤ አንዱ የሌላውን ልጅ ይድራል። ስጋ ላይ ሲደረስ ግን ሁለት በሬ፣ ሁለት አራጅ፣ ሁለት ድንኳን ነው። የሁለቱም መጽሐፍ ይህን ያህል አይከለክልም ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። አዴ ግን የሚከራከሩ ሰው አይደሉም፤ እናታቸው ያልበሉትን አይበሉም። በስተርጅና፣ በሕመማቸው፣ ከሚያምኑት እጅ አበላኋቸው።

ጅማ ሄጄ ለመጋቢያችን ነገርኳቸው። እዚያው ጅማ መርካቶ አጠገብ ባለችው ቢሯቸው ውስጥ የጋሪና የባጃጅ ጩኸት እየገባ፣ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ እኔ አለመሳቄን አይተው ተዉት።

"እህቴ፣ ስጋ ስጋ ነው። ለታመሙ እናት ሾርባ ወስደሻል፤ በቃ። አሁን ብትነግሪያቸው ማን ይጠቀማል? ስድስት ዓመት የደከምሽበትን በአንድ ቀን ልታፈርሺው ነው?"

ስለ ስጋ በመጽሐፍ ቅዱስ የተጻፈውን እኔም አውቀዋለሁ፤ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ስጋው በእግዚአብሔር ፊት ምንም እንዳልሆነ አምናለሁ። ታዲያ በደለኛ ነሽ የሚለኝ የማን ሕግ ነው? የአዴ ሕግ ከሆነ፣ በማላምንበት ሕግ ልናዘዝ ነው? ዝም ካልኩስ፣ ያዩታል የተባልኩት የትኛውን ኑሮዬን ነው? ወደ የቡ በምትመለሰው ሚኒባስ ውስጥ ለመናገርም ላለመናገርም ምክንያት ደረደርኩ። ሁለቱም ወገን ትክክል ሆነብኝ። ከመኪናው ስወርድ አልወሰንኩም ነበር፤ እግሬ ግን ወደ እሳቸው ቤት ሄደ።

አዴ አልጋቸው ላይ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰውዬውን፣ ጓዳ መግባቴን፣ ማተቡን በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ምንም አላስቀረሁም። ሊቆጡ ፈለጉና ድምፅ አጡ፤ እጃቸውን ፋሻው ላይ አደረጉ።

"ባርሲስቱ" አሉኝ፤ መምህርት ማለታቸው ነው። "ለምን ነገርሽኝ?"

"ማወቅ አለብዎ ብዬ ነው፣ አዴ።"

"ሳላውቅ የበላሁት አይጻፍብኝም ነበር። አሁን ግን አወቅሁ፤ ከሆዴም ከልቤም አይወጣም። የነገርሽኝ ለእኔ ነው ለራስሽ?"

 

ብቻቸውን እንደሚያወሩ ሆነው፣ ለማካካሻ ልጾም ብል መድኃኒቱ በባዶ ሆድ አይወሰድም ተብያለሁ አሉ። ሳላስበው "እኔ ልጹምልዎ" አልኩ።

"ጾም ውሃ ነው እንዴ፣ ሰው የሚቀዳልኝ?" ሊስቁ ሞከሩና አንገታቸውን አመማቸው። እጃቸውን ወደ በሩ ዘረጉ፤ ወጣሁ።

ሦስት ቀን ጾምኩ። በእኛ ሰዓት ሳይሆን በእሳቸው ሰዓት፣ ከንጋቱ አዛን እስከ ምሽቱ አዛን። እኩለ ቀን ላይ ተንበርክኬ በኢየሱስ ስም ጸለይኩ፤ ሆዴ ግን የሚጠብቀው መስጊዱን ነበር። ንስሓ ይሁን፣ እልህ ይሁን፣ አገልግሎት የሚባለው ይህ ይሁን መለየት አቃተኝ። በደብተሬ ልጽፈው ብዬ ርእስ አጣሁለት። ለመጋቢውም አልነገርኩም።

በሁለተኛው ምሽት አጥሩ በዱላ ሲንኳኳ ሰማሁ። አዴ መጮህ ስለማይችሉ ነው። ስወጣ ሻሻቸውን እስከ ፋሻው ጠቅልለው ቆመዋል። መጾሜን አልነገርኳቸውም፤ ቡና እምቢ ማለቴን ከተማሪዎቼ ሰምተው መሆን አለበት።

"አዛን ብሏል። ውሃ ጠጪ" አሉኝና ተመለሱ። ይቅር ብለውኝ ይሁን፣ ወይ ሰው በውሃ ጥም አይሙት ብለው፣ ከፊታቸው ማንበብ አልቻልኩም።

ከዚያ በኋላ ወጥ ቤቴ አልመጡም። እኔም የበሰለ ነገር ይዤ መሄድ አልደፈርኩም። ብቻዬን የሠራሁትን ወጥ ጨው መጥኜ እንደሆነ የሚነግረኝ ስላልነበረ ደጋግሜ እቀምሰው ነበር። ሳምንት ሊሞላው ሲል አጥሩ እንደገና ተንኳኳ።

"አቮካዶሽ ደርሷል አይደል?"

"ደርሷል፣ አዴ። በማንኪያ ድቅቅ አድርጌ ላምጣልዎ?"

"ተይ። ሳትቆርጪው አምጪው። ቢላዋ እኔ ጋ አለ።"

ዛፉ ሥር ሄጄ፣ ሳይጎዳ የበሰለ ፍለጋ ብዙ ቆየሁ። አንዱን ቀጠፍኩ። ልጠበው ወይስ ልተወው? በየትኛው ሳህን ልያዘው? ሳህኖቼን አንድ በአንድ አየኋቸውና ሁሉንም ተውኳቸው። አቮካዶውን በሁለት እጄ ይዤ፣ ከእጄ ይቀበሉኝ ይሆን ወይስ መሬት ላይ አስቀምጪው ይሉኝ ይሆን እያልኩ፣ በአጥሩ ክፍተት ተሻገርኩ። እጃቸውን ዘረጉ።