የሚስቴ አንገትና የነከስኩት ጣት

ከቦሌ ቡልቡላ ስንነሳ ታክሲው ጋቢና የተቀመጥነው እኔና ሚስቴ ነበርን፤ እሷ መሐል፣ እኔ በር ጋ። ቦሌ ሚካኤል ስንቃረብ ሹፌሩ፣ «ጋሼ፣ ትራፊክ አለች፤ ቀበቶዋን ጣል ያርጓት» አለኝ። መቆለፊያው ከተነቀለ ስንት ዘመኑ! እንደ ነጠላ ደረቴ ላይ ጣል አድርጌ፣ ጫፏን በእጄ ይዤ፣ ጨዋ መስዬ አለፍኩ። ለመሐል ተቀማጭ ያቺም የለች።

«ለትራፊክ ለብሰህ ለሞት ራቁትህን!» አለችኝ ሚስቴ።

መልስ ሳስብላት አንድ ሲኖትራክ ከውስጥ መንገድ ዱብ አለብን። ድምፁ ደብረ ዘይት ተሰምቷል። ግንባሬ መስታወቱን ፈረከሰው፤ የፊት ጥርሶቼ ከንፈሬን ሰንጥቀው ወጡ፤ ጉልበቴ እንደ ሸንኮራ ተቀነጠሰ። ሚስቴ በግንባሯ ዳሽቦርዱን መታችና እኔ ላይ ተደፋች። ጋቢናው በሬ የታረደበት ይመስላል፤ ደሙ የማን እንደሆነ አይለይም።

«እጄ አይሰማኝም» አለች በጆሮዬ። «አንገቴን... እንዳታስነካኝ።»

ያኔ ሕዝቡ ደረሰ። የሸገር ሰው ሲደነግጥ ደግነቱ ይገድላል። አንዱ ውሃ ይደፋብናል፣ ሌላው «አየር ስጧቸው!» እያለ አየሩን ይዘጋል። ከመንገዱ ዳር ካለው ብረታ ብረት ቤት የሮጠ፣ የበር መቃን የሚያህል በያጅ በሩን ገንጥሎ «ሳብ! ሳብ!» እያለ እጁን በሚስቴ ብብት ሰደደ።

«አትንኳት!» ልል አፌን ብከፍት የወጣው ደምና ጥርስ ነው። በቀሩኝ ጥርሶች አውራ ጣቱን ነከስኩት፤ አጥንት እስኪያቆመኝ።

«ወይኔ እናቴ! ሰውዬው አበደ!» በጥፊ አጮለኝ። አልለቀቅኩም። ደገመኝ፤ አጠበቅኩ።

«ሴትዮዋ እኮ አትንኩኝ እያለች ነው!» ብላ አንዲት ተሳፋሪ ከኋላ ጮኸች።

በያጁ ደረቀ። እንባው እየወረደ፣ «እሺ ጋሼ፣ አልነካትም፤ ይልቀቁኝ» አለ። ለቀቅኩት። አምቡላንስ እስኪመጣ በደማ እጁ ሕዝቡን እየገፋ ጠበቃት።

ሐኪሙ የአንገቷ አጥንት መሰንጠቁን ነገረን፤ ተጎትታ ቢሆን ኖሮ እጇ አይመለስም ነበር። ለወራት አንገቷ ታስሮ እንደ ሐውልት ከረመች። በተፈታላት ሰሞን በያጁ ብርቱካን ይዞ ሊጠይቃት መጣና ጠባሳውን አሳያት። አንገቷን ቀስ አድርጋ ወደ እኔ አዞረች፤ መለሰችና፣ «እኔንስ እንዲህ አጥብቆ ይዞኝ አያውቅም» አለችው።

ብርቱካኑን በገዛ እጇ ላጠች። ለእኔ ግን ጥርስ የለህም ብላ ከለከለችኝ።